የሽታው ስጦታ

ገና አራት ቀን ሲቀረው፣ ቡሬ ገበያ ወጣሁ፤
ለአያ ሽታው የሚሆን፣ አንድ ነገር አጣሁ።
ገንዘብ አይደል ያጣሁት፣ ደመወዝ ገብቷል ትናንት፤
ምን ተብሎ ይሰጠዋል፣ ለምላስ ሊቀ ሊቃውንት?

ሽሮ በአንድ ጉርሻ ፈትሾ፣ ባቄላን ከአተር የሚለይ፣
ቅቤ አሽትቶ ብቻ፣ «ላሟ ፋጉሎ በልታለች» ባይ፤
ሠርግ ቤት ሳይገባ ገና፣ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ፣
«ሽንኩርቷ ሊያርርባት ነው» ብሎ፣ የሚልክ ልጅ ለምኖ።

አምና ክረምት ጉንፋን ጣለው፤
ሦስት ሳምንት ተኛ።
ሲነሣ፣ አፍንጫው አልተነሣም።
ማርም ሆነ የጉድጓድ ውሃ፣ አንድ ሆኑበት ያለ ዳኛ።
ሰፈሩ ቅኔ አያልፈውም፤ ጎጃም አይደል አገሩ፣
«ሽታው ሽታ አጣ» ተባለ፣ ተቀባበሉት በየበሩ።
እሱም ሳቀ። ከሁሉ ቀድሞ ሳቀ።
ማታ ግን፣ ትላለች ሚስቱ ውድነሽ፣
የቅመም ሙዳዩን ከፍቶ፣ አንድ በአንድ እያሸተተ፣
የኩራዙ ጋዝ አለቀ።

የሰከላ ነጭ ማር አየሁ፣ በቅል የተከደነ፤
ሻጩ በስንጥር አቀመሰኝ፤ ጣፍጦኝ ልቤ አዘነ።
ቋንጣም አየሁ፣ የዘጌ ኮረሪማም፣
ከጣና የመጣ የደረቀ አሣም፤
ሁሉም አፍንጫ ላለው ነው፤ አለፍሁ፤ አልገዛሁም ምንም።

የዝብነሽ በርበሬ ሻጯ፣ ከቀይ ክምር ላይ አንሥታ፣
አንዷን ዛላ ነቀነቀች፣ ወደ ጆሮዬ አስጠግታ።
«ስማ፣» አለች፣ «የደረቀ እንዲህ ነው የሚያወራ፤
ዝም ካለህ እርጥብ ነው፤ ይሻግታል፤ ኪሳራ።»
ሿ፣ ሿ፣ ሿ።
ዘሩ በሆዷ ውስጥ፣ እንደ ጸናጽል።
ቆምሁ። እዚያው ቆምሁ፤ ሰው ሲገፋኝ፣
ባለ አህያው «ዞር በል!» ሲል።

ሦስት ኪሎ ዛላ ገዛሁ፣ ያልተቀነጠሰ ከአንገቱ፤
ሙቀጫም፣ የዋንዛ፣ ወይራ ዘነዘና ከነክብደቱ።
ባጃጁ ላይ አቅፌው ስሄድ፣ ሾፌሩ ዞሮ አየኝና፣
«ሙሽራ ናት እንዴ?» አለ። «ስጦታ ነው፣ ለገና።»

ውድነሽ ሙቀጫውን ስታይ፣ «ለእኔ ሥራ ነው ያመጣህ!»
አያ ሽታው ግን ዝም። ቆይቶ፣ «በል ውቀጥ፤ እኔ ልስማህ።»
መደብ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ።
ድው። ድው። ድው።
«ገና ነው፤ ልጡ ነው የሚጮኸው፣ ዘሩ አልተነካም፤
ጨምር ክንድህን፣ በርበሬ በልመና አይልምም።»
ውድነሽ ነጭ ሽንኩርት ጣለች፣ በቀስታ፣ ሳትናገር፤
«አራት ራስ በዛ!» አለ። ተያየን እኔና እሷ በነገር።

ከዚያ ብናኙ ተነሣ።
አነጠስሁ። «ይማርህ» አለ።
ውድነሽ አነጠሰች። «ይማርሽ።»
ጎረቤት ከአጥር ወዲያ አነጠሰ፤ «ይማርህ አንተም» አለ፤
ለሰፈሩ ሁሉ ምሕረት ሲለምን፣ እሱ ሳያነጥስ ዋለ።

የገና ዕለት ወጡ ቀረበ።
ጎረስሁ። «ምን ይላል?» አለኝ።
«ይጣፍጣል።»
«እሱን ማንም ይላል፤ ለመንገደኛም ይባላል።
መጀመሪያ የት ነካህ? ምላስህን ከጎን ወይስ ከጫፉ?
ኮረሪማው ቀድሞ ገባ፣ ወይስ ቆሞ ቀረ ከደጃፉ?»
እንደገና ጎረስሁ፤ በዝግታ፤ እንደ ፊደል ቆጣሪ፤
ቃል ፈለግሁ፣ ቃል አጣሁ፣ ምላሴ ሆነ ጀማሪ።
«መጀመሪያ ጭስ... የለም፣ አፈር፤ ዝናብ የነካው... እሳቱ ከኋላ...»
«እህ፣» አለ፣ ባዶ አፉን እያላመጠ፤ «እህ፤ ቀጥል፤ ብላ።»

ስወጣ ዞሬ አየሁት፤
ከተረፈው ዛላ አንዷን መርጦ፣
በጆሮው ነቀነቃት፤
ከሸሚዙ ደረት ኪስ ከተታት።